ሁሉም ተኩስ እሩምታ ነው ወይ? — የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና የአማርኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር ተማሪዎቼን አጭር ታሪክ እንዲጽፉ አዝዣቸው አንዲት ልጅ «ሽፍታው ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ የእሩምታ ተኩስ ከፈተባቸው» ብላ ጻፈች። እሩምታ በአንድ ሰው እጅ፣ ያውም በሽጉጥ፣ አይሆንም ብዬ ቃሉን ሰረዝሁባትና ሁለት ማርክ ቀነስሁ። በማግሥቱ ቀድሞ ወታደር የነበሩት አያቷ «መምህርሽ ተሳስቷል፤ እሩምታ ማለት ሳያቋርጡ መተኮስ ነው» ማለታቸውን ይዛልኝ መጣች። ክርክራችንን የሰማ የሥራ ባልደረባዬም «መጀመሪያ ነገር ቃሉ ሩምታ እንጂ እሩምታ አይደለም» ብሎ ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። የቃሉን ፍቺ፣ አገባቡንና አጻጻፉን ብትገልጹልኝ፤ ማርኩንስ ልመልስላት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ከማርኩ እንጀምርና፣ ስረዛዎ ትክክል ነው፤ ምክንያትዎ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚያስኬደው። የልጅቱ አያትም በሽጉጡ ነገር ባይሆን በቃሉ ነገር የተናገሩት መሠረት የሌለው አይደለም። ሁለታችሁም የያዛችሁት ፍቺ በአማርኛ ውስጥ አለ፤ የእርስዎ የቀደመው ሲሆን የእሳቸው ደግሞ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር አብሮ የገባው ነው።

እሩምታ በቀደመው ፍቺው ብዙ ጠመንጃዎች በአንድ ቅጽበት ሲተኮሱ የሚሆነው አንድ ተኩስ ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው «አንድ» የሚለው ነው። ሠላሳ ሰው በየፊናው፣ እንደየዓይኑና እንደየእጁ ፍጥነት ቢተኩስ ሠላሳ ተኩስ ነው፤ እነዚያው ሠላሳ ሰዎች የአለቃቸውን ቃል ወይም ምልክት ጠብቀው ቃታቸውን አብረው ቢስቡ ግን አንድ እሩምታ ይሆናል። «ሦስት ጊዜ በእሩምታ ተኮሱ» ሲባልም የወጣው ጥይት ሦስት ነው ማለት አይደለም፤ በቦታው ሠላሳ ሰው ከነበረ ዘጠና ጥይት ወጥቷል፣ እሩምታው ግን ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ የመሣሪያ ብዛትን፣ የጊዜን አንድነትንና የተኳሾቹን ስምምነት በአንድነት ይሸከማል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል አማርኛ ሌላ ቃል አያጣም፤ ብዙ ሰው ያለ ስምምነት ሲተኩስ ተኩሱ «ተንጣጣ» ይባላል፣ ቃሉም ራሱ በምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ሲከተል ያሰማል። እሩምታ አይንጣጣም፤ ባንድ ጊዜ ይጮኽና ጸጥ ይላል፣ ያም ጸጥታ የፍቺው አካል ነው።

አገባቡን በተመለከተ፣ እሩምታ ስም ነው፤ ብቻውን ግስ ሆኖ አይቆምም። ከሚያጅቡት ግሶች መካከል ተኮሰ፣ ከፈተና ለቀቀ ዋነኞቹ ናቸው፤ «በእሩምታ ተኮሱ»፣ «የእሩምታ ተኩስ ከፈቱ»፣ «አንድ እሩምታ ለቀቁበት» ይባላል። ተኳሹን ብዙ አድርጎ ግሱንም በብዙ ቁጥር ማሰር ለቀደመው ፍቺ የተለመደው መንገድ ነው፤ «ተኮሰ» ብሎ በነጠላ የሚያስረው ጸሐፊ፣ ጦሩን እንደ አንድ አካል ካላየው በቀር፣ ሳያውቀው ወደ ሁለተኛው ፍቺ ተሻግሯል። የተማሪዎም ዓረፍተ ነገር ያስጨነቀዎት ከሽጉጡ በፊት በዚህ «ከፈተባቸው» በሚለው ነጠላ ግስ ይመስለናል።

ቃሉ ይህን ያህል ሸክም የተሸከመው ለምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ድሮው ጠመንጃ መመለስ ያስፈልጋል። ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ፣ ጎድጓዳ መስመር በውስጡ ያልተቀረጸለት ከሆነ፣ ከመቶ ሜትር አልፎ አንድን ሰው ለይቶ ለመምታት አያስተማምንም ነበር። የአንዱ ጥይት ቢስት የጎኑ ሰው ጥይት ያገኘው ይሆናል በሚል ሐሳብ ነው ሰልፉ ጎን ለጎን ቆሞ ባንድ ጊዜ እንዲተኩስ የተደረገው፤ የተኳሹን ዓይን ድክመት ሳይሆን የመሣሪያውን ድክመት በብዛት ለመሸፈን ነው። ሌላው ምክንያት ጭሱ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ የሚወጣው ነጭ ጭስ በሰልፉ ፊት እንደ መጋረጃ ስለሚዘረጋ፣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ጊዜ ቢተኩስ ጭሱ ሳይገለጥ ይቀጥልና ማንም ማንን እንደሚያልም ሳያይ ይቀራል፤ በአንድነት ተኩሶ ጭሱ እስኪያልፍ ማጉረስ ግን ሁለቱንም ሥራ ያስታርቃል። ጭስ የማያበዛው ባሩድ በፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ምክንያት እየሳሳ ሄዷል።

እሩምታ ትልቅ ጉድለትም ነበረው። ሁሉም አብሮ ከተኮሰ ሁሉም አብሮ ባዶ ይሆናል፤ ጠመንጃው እስኪጎርስ ያለው ጊዜ ጎራዴና ጦር ይዞ ለሚሮጥ ባላጋራ፣ ይልቁንም ለፈረሰኛ፣ የተከፈተ በር ነው። የኔዘርላንድ ጦር አዛዦች እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ ሰልፉን በተርታ ከፍለው፣ የፊተኛው ረድፍ ተኩሶ ወደ ኋላ ሲያልፍ ተከታዩ ረድፍ እንዲተኩስ ያደረጉት ይህንኑ በር ለመዝጋት ነው። በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት የአንዱ ረድፍ ተኩስ አንድ እሩምታ ነው፤ ረድፎቹ ሲፈራረቁ የሚሆነው ግን ተከታታይ እሩምታ እንጂ አንድ ረጅም እሩምታ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ለጠመንጃ ለውጥ ምስክር የሚሆነው በመቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ የተደረገው ውጊያ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት፣ የእንግሊዝ ጦር ከኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ይዞ ነበር የተሰለፈው። የስናድር ተኳሽ የጠመንጃውን ክዳን ወደ ቀኝ ይከፍታል፣ ወደ ኋላ ሲስበው ቀለሁ ከቤቱ ይወጣል፣ ከዚያም ጠመንጃውን በጀርባው ገልብጦ ቀለሁን መሬት ይጥልና አዲሱን ጥይት አጉርሶ ክዳኑን ይመልሳል፤ የሠለጠነ ወታደር ይህን ሁሉ አድርጎ በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ከአፈሙዝ የሚያጎርሰው የቴዎድሮስ ሠራዊት አንዱን እሩምታ አሳልፎ ባላጋራው እያጎረሰ ሳለ ለመግባት ቢያስብ፣ በሁለቱ እሩምታዎች መካከል የሚጠበቀው ፋታ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ስናድር፣ ከፈረንሳይኛው ስም የተገኘው ባለ አንድ ጥይቱ ውጅግራ፣ ኋላም ምንሽር በየቤቱ ሲገቡ እሩምታ የግድ መሆኑ ቀርቶ የአዛዥ ምርጫ ሆነ።

ምርጫ ሆኖ በደንብ ያገለገለበት ቦታ ደፈጣ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን በጎጃም ዱርና ገደል እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ የመሩት አርበኛ ጥይቱን ብዙ ጊዜ ከጠላት እጅ የሚያገኝ፣ ስለዚህም ቆጥቦ የሚተኩስ ተዋጊ ነበር። ደፍጦ የሚጠብቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው፤ ጠላት ገና በመንገድ ላይ ቆሞ፣ ሳይተኛና ሳይሸሸግ የሚገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከደፋጮቹ አንዱ ቸኩሎ ቢተኩስ የቀሩት የሚያገኙት መሬት የተኛ ኢላማ ይሆናል። ስለዚህ የአለቃው ጥይት ሳይጮኽ ማንም ቃታ አይስብም፤ እሱ ሲተኩስ ግን ሁሉም አብሮ ይተኩሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ተኩስ እንደየሰው ነው። በዚህ ታሪክ ላይ የሚጽፍ ሰው «በእሩምታ ተኮሱ» የሚለውን ለመክፈቻው ቅጽበት ቢያውለውና ለቀጣዩ ሰዓት «ተኩሱ ተንጣጣ» ወይም «ተኩስ ተለዋወጡ» ቢል አንባቢው የውጊያውን ቅርጽ ያለ ካርታ ያየዋል። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ ድረስ ስለነበሩት ዓመታት የምናነበው ጽሑፍ ግን ደፈጣውንም፣ ከበባውንም፣ ቀን ሙሉ የዋለውንም ውጊያ በአንድ «እሩምታ» ያጠቃልለዋል።

አሁን ወደ ልጅቱ አያት እንመለስ። አውቶማቲክ መሣሪያ ሲመጣ አንድ ሰው ብቻውን የብዙ ሰውን ድምፅ ማውጣት ቻለ። ክላሽንኮቭ በቀጥታ ሲለቀቅ በደቂቃ ወደ 600 ጥይት በሚደርስ ፍጥነት ይተኩሳል፤ በካዝናው ውስጥ ያለው 30 ጥይት በዚህ ፍጥነት በሦስት ሴኮንድ ያልቃል። ሠላሳ ጥይት በሦስት ሴኮንድ ከሠላሳ ሰዎች አፈሙዝ ቢወጣ እሩምታ ከተባለ፣ ከአንድ አፈሙዝ ቢወጣስ ለምን ሌላ ስም ይፈለግለታል ብሎ ያሰበ ወታደር አይፈረድበትም፤ ከጥይቱ ፊት ላለው ሰው ልዩነቱ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ እሩምታ «ነጠላ» ከሚባለው አተኳኮስ ጋር ተቃራኒ ሆኖ፣ ቃታውን አንድ ጊዜ ስቦ ይዞ ጥይት ማርከፍከፍን ለማመልከት አገልግሏል። አያትየው ያሉት ይህንን ነው፤ የመሣሪያውን ልማድ ከሚያውቅ ሰው አፍ የወጣ ፍቺ ነውና «ስሕተት» ብለን አንሰርዘውም።

ይሁን እንጂ ለሽጉጡ ይህም አይበጀውም። በተለምዶ የምናውቀው ሽጉጥ ራሱን ቢያጎርስም ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚተፋው፤ ሽፍታው ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን «ደጋግሞ ተኮሰባቸው» እንጂ በእሩምታ አልተኮሰም። ተማሪዎ ሽጉጡን በክላሽ ብትለውጠው ዓረፍተ ነገሯ በአያቷ ፍቺ ይቆምላታል፤ ሽፍታውን ከነግብረ አበሮቹ ብታመጣው ደግሞ በእርስዎም ፍቺ ይቆማል። ከሁለቱ ማርክ አንዱን ቢመልሱላት ለአያቷም ክብር ነው።

ሁለቱ ፍቺዎች ጎን ለጎን መኖራቸው ችግር የሚሆነው በዜናና በፍርድ ቤት ነው። «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች የእሩምታ ተኩስ ከፈቱ» የሚል ዜና ስንሰማ፣ ታጣቂዎቹ አስቀድመው ተስማምተው በአንድ ጊዜ ተኮሱ ማለት ነው? ከመካከላቸው አንዱ አውቶማቲክ መሣሪያ ለቀቀ ማለት ነው? ወይስ ዘጋቢው ተኩሱ ብዙ ነበር ለማለት ፈልጎ ነው? ብዙ ጊዜ የታሰበው የመጨረሻው ይመስላል፤ ለእሱ ደግሞ «ከባድ ተኩስ» ወይም «ተከታታይ ተኩስ» የሚለው ይበቃ ነበር። ከሁለት ወገን ሲተኮስ «የተኩስ ልውውጥ» አለ፤ እሩምታ ከአንድ ወገን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ በመሆኑ ለልውውጥ አይስማማም። ለመድፍና ለሞርታር «ድብደባ» የሚለው ቃል ሥራውን ይዞ ቆይቷል። ሰውን ለይቶ መምታት «አልሞ መተኮስ» ነው፤ «ወደ ሕዝቡ የእሩምታ ተኩስ አልሞ ተኮሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን የሚጥል ነው።

በፍርድ ቤት ልዩነቱ ከቃል አልፎ ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ የሚባለው በእጁ ድርጊቱን የፈጸመው ብቻ እንዳልሆነ፣ በሙሉ ሐሳቡና አድራጎቱ የተባበረውንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። አንድ ምስክር «በእሩምታ ተኮሱ» ሲል የቀደመውን ፍቺ ይዞ ከሆነ የተናገረው ስለ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ተኳሾቹ ስምምነት ነበራቸው ማለቱ ነው። «በየተራ ተኮሱ» ወይም «መጀመሪያ አንዱ ተኮሰ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ተከተሉት» ቢል ግን ሌላ ታሪክ ነው። ስለዚህ፣ የምስክርነት ቃል የሚቀበል ሰው ምስክሩ እሩምታ ሲል ምን ሰምቶና ምን አይቶ እንደ ሆነ ቢያፍታታው ይሻላል።

ጆሮ ራሱ በዚህ ነገር አያስተማምንም፤ በጎጃም መልክዓ ምድር ደግሞ ይብሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ውስጥ የተተኮሰ አንድ ጥይት ከዚህኛውና ከዚያኛው ግድግዳ ተመላልሶ ሦስትና አራት ተኩስ መስሎ ይሰማል። የተገላቢጦሹም አለ። ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ 300 ሜትር ያህል ተዘርግቶ የተሰለፈ ሠራዊት በትክክል ባንድ ቅጽበት ቢተኩስ እንኳ በሰልፉ ጫፍ ለቆመ ሰው የሩቁ ጫፍ ድምፅ የሚደርሰው ወደ አንድ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው፤ እውነተኛው እሩምታ ለእሱ የሚንጣጣ ተኩስ ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ የጠመንጃ ጥይት ከድምፅ ይፈጥናል፤ ጥይቱ በአጠገቡ ያለፈበት ሰው መጀመሪያ የጥይቱን ስንጠቃ፣ ጥቂት ቆይቶ የአፈሙዙን ጩኸት ይሰማል። ልምድ የሌለው ይህን «ሁለት ሰዎች ተኮሱብኝ» ብሎ ይተረጕመዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በጎጃም ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ ጠመንጃ እንደ ልጅ ይሞካሻል፣ ተኳሹም በስሙ ይጠራል፤ እሩምታ ግን የሙገሳ ቃል ሆኖ ሲመጣ ብዙ አይሰማም። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለንም። ፉካሪው የሚቆጥረው በራሱ እጅ የጣለውን ነው፤ በእሩምታ መካከል ደግሞ የማን ጥይት ማንን እንደ ጣለ አይለይም፤ ክብሩ የሁሉም ስለሚሆን የማንም አይሆንም። የሞት ፍርድ በጥይት በሚፈጸምባቸው አገሮች ብዙ ተኳሾች ባንድ ትእዛዝ እንዲተኩሱ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከጠመንጃዎቹ አንዱ እርሳስ የሌለው ጥይት ይጎርሳል፣ ማንኛው እንደ ሆነ ለተኳሾቹ አይነገራቸውም። ፉካሪውን ከቃሉ ያራቀው፣ ወታደሩን ደግሞ ከጸጸት የሚጋርደው አንድ ነገር ነው።

አጻጻፉን በአጭሩ እንለፈው። አማርኛ ተናጋሪ ቃል በ«ር» ሲጀምር ከፊቱ «እ» ማስቀደም ይቀናዋል፤ ርግብና እርግብ፣ ርሳስና እርሳስ፣ ሩጫና እሩጫ ሁሉ የሚሰሙት በዚህ ልማድ ነው። ሩምታና እሩምታም እንዲሁ አንድ ቃል ናቸው፣ ባልደረባዎም እርስዎም አልተሳሳታችሁም። «የ» ወይም «በ» ሲጨመርበት በንግግር «እ»ው ይዋጣልና «የሩምታ»፣ «በሩምታ» ብሎ መጻፍ ለጆሮ ይቀርባል። በዚህ መጽሔት «እሩምታ» የምንለው አንባቢ ስለለመደው ነው። በዓይኑ «ዕ» መጻፍ ግን ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ ከደምበጫ ነው የምጽፈው። አባቴ በመደበኛው ጦር ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ወታደር ነበር። ሲቀበር በሰልፍ የቆሙ ወታደሮች ሦስት ጊዜ ተኮሱለት። የሕይወት ታሪኩን ለሙት ዓመቱ ያዘጋጀው የወንድሜ ልጅ «21 ጊዜ መድፍ ተተኩሶለት ተቀበረ» ብሎ ጻፈ። እኔ መድፍ አላየሁም። ልጁ ግን «ሰባት ወታደር ሦስት ጊዜ ሲተኩስ 21 ነው፣ ያው ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። በዓይንዎ ያዩትን ይመኑ፤ ልጁ ሒሳቡን እንጂ ነገሩን አላገኘውም።

በቀብር ላይ ወታደሮች ተሰልፈው ወደ ላይ የሚተኩሱት ሦስት እሩምታ ነው። ሰባት ሰው ሦስት ጊዜ ሲተኩስ 21 ጥይት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የተኳሾቹ ቁጥር በየቦታው ሊለያይ ይችላል፣ አምስትም ሊሆኑ ይችላሉ፣ እሩምታው ግን ሦስት ሆኖ ይቀራል። ሥርዓቱ የሚቆጥረው እሩምታውን እንጂ ጥይቱን አይደለም። 21 ጊዜ የሚተኮሰው መድፍ ደግሞ ለርእሰ ብሔርና ለታላላቅ ብሔራዊ በዓላት የሚሰጥ ክብር ነው፤ መድፉ አንድ በአንድ፣ በመካከሉ የተመጠነ ፋታ እየተሰጠው ነው የሚተኮስ፣ ስለዚህም በባሕርዩ እሩምታ አይደለም። ሁለቱ በቁጥር መገጣጠማቸው በብዙ አገር ይህንኑ ስሕተት አስከትሏል፤ የወንድምዎ ልጅ ብቻውን አይደለም። የሕይወት ታሪኩ ላይ «ወታደራዊ የክብር ተኩስ ሦስት ጊዜ በእሩምታ ተተኩሶለት» ቢባል ለአባትዎ የሚገባውን ሁሉ ይሰጣል፤ ያልተተኮሰ መድፍ መጨመር ክብሩን ከፍ አያደርገውም።

ምናልባት በሦስቱ መካከል ወታደሮቹ መሣሪያቸውን በእጅ ሲያጎርሱ አይተው ይሆናል። በእንዲህ ያለው ሥርዓት የሚያገለግለው እርሳስ የሌለው፣ ባሩድ ብቻ የያዘ ጥይት ነው፤ ራሱን የሚያጎርሰው መሣሪያ ደግሞ እርሳሱ ከሌለ በበርሜሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ግፊት ስለማይሞላለት፣ የተለየ መሣሪያ አፈሙዙ ላይ ካልተገጠመለት በቀር፣ ቀለሁን ጥሎ አዲሱን አያጎርስም። ስለዚህ በየመካከሉ በአንድነት የሚሰማው የብረት ድምፅ ጉድለት አይደለም።

በገጠር ለቅሶ የምናየው ተኩስ ከዚህ ይለያል። ለቀስተኛው ከየመንደሩ እየመጣ፣ ወደ ለቅሶው ሲደርስ ወይም ሟቹ ሲሞገስ በየራሱ የሚተኩሰው ነው፤ ስሙ «ተኩስ» ብቻ ነው፣ አዛዥም ምልክትም የለውም። ስለዚህኛው ተኩስ ግን ቃሉን ትተን አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አልፈለግንም፤ በዚያ የሚተኮሰው እርሳስ ያለው ጥይት ነው፣ ወደ ሰማይ የወጣም ሰው መግደል በሚችል ፍጥነት ተመልሶ ይወርዳል፣ በሰያፍ ከተተኮሰ ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ ከሩቅ መንደር ያርፋል። በሠርግም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የሬዲዮ ዘጋቢ ነኝ። «ነዋሪዎቹ በኃላፊው ላይ የጥያቄ እሩምታ አወረዱበት» ብዬ ዜና ሠርቼ አርታዒዬ «እሩምታ ለጥይት ነው» ብላ አወጣችው። ቃሉን ከጦር ሜዳ ውጪ መጠቀም ክልክል ነው?

መልስ፦ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን አርታዒዋ ያወጣችው ቃል ከግሱ ጋርም አልተስማማም። እሩምታ ይተኮሳል፣ ይከፈታል፣ ይለቀቃል እንጂ አይወርድም፤ የሚወርደው ናዳና ውርጅብኝ ነው፤ «የጥያቄ ናዳ አወረዱበት» ቢሉ ኖሮ ምናልባት ዜናው ሳይነካ ያልፍ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ደጋግሞ ሲጠይቅ «ጥያቄ አዥጎደጎደበት» የሚለው ይሻላል። «የጥያቄ እሩምታ» የሚያምረው ሁሉም ከየመቀመጫው ባንድ ጊዜ ሲጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይለይ ሲቀር ነው። በስብሰባው ላይ ነዋሪዎቹ እጅ እያወጡ በተራ የጠየቁ ከሆነ ግን አርታዒዋ ያደረገችው ትክክል ነው።